መጀመሪያ እዚሁ ይመዝገብ፦ ስለ ትንሿ የሴንሰር ሰርቨርና ስለ ምርምር መረጃችን ባለቤትነት

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች አንድ ካሜራ በቡና ማፍያ ላይ ደቅነው ምስሉን በሕንፃው ውስጣዊ ኔትወርክ ማሳየት ጀመሩ። ምስሉ 128 በ128 ነጥቦች ብቻ የነበረው፣ ቀለም አልባና ደብዛዛ ነበር። ዓላማውም ቀላል ነበር፤ በሌላ ክፍል የሚሠራ ባልደረባ ለቡና ብሎ ደረጃ ወርዶ ባዶ ማፍያ እንዳያገኝ ነው። ካሜራው በ1993 ወደ ድረ ገጽ ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ታወቀ፤ በ2001ም ተዘጋ። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያገለገለው በዚያው ሕንፃ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ብቻ ነው፤ ሥራውንም ለመሥራት ከሕንፃው ውጪ ያለ ምንም ነገር አላስፈለገውም።

ዛሬ ያንን የመሰለ ሥርዓት ለመዘርጋት የኮምፒውተር ሳይንስ ቤተ ሙከራ መሆን አያስፈልግም። በትርፍ ጊዜያቸው ኤሌክትሮኒክስ የሚነካኩ ሰዎች በቤታቸው የሙቀት፣ የእርጥበት፣ የአፈር ርጥበትና የኤሌክትሪክ ፍጆታ ልኬት የሚሰበስብ ትንሽ ሰርቨር በአንድ ቅዳሜና እሑድ ያቋቁማሉ። ይኸው መሣሪያ ወደ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን እጅም ገብቷል። በግሪን ሃውስ፣ በእህል ማከማቻ፣ በናሙና ማቀዝቀዣና በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚካሄዱ ጥናቶች መረጃቸውን ከእንዲህ ያሉ ርካሽ ሴንሰሮች ማግኘት ይችላሉ። ጥያቄው መረጃው ሲሰበሰብ የት ያርፋል፣ በማን እጅ ይቆያል፣ ምን ያህልስ ይታመናል የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። በአገራችን ሁኔታ ከሴንሰር የሚገኝ የምርምር መረጃ መጀመሪያ መመዝገብ ያለበት እዚያው በተለካበት ግቢ፣ በአካባቢው ኔትወርክ ላይ ባለ ሰርቨር ነው። ወደ ሩቅ ክላውድ የሚሄደው ቅጂ መሆን ይገባዋል። ይሁንና ትንሿ ሰርቨር እንደ ምርምር መሣሪያ እንድትቆጠር ከፈለግን እንደ ምርምር መሣሪያ ልንይዛት ግድ ይለናል።

የሥርዓቱ ልክና መጠን

የሥርዓቱ ክፍሎች ጥቂት ናቸው። በአንድ ጫፍ ሴንሰሩና ልኬቱን በዋይፋይ የሚልክ እንደ ኢኤስፒ 32 ያለ አነስተኛ ሰሌዳ አለ። በመሐል መልእክቶችን ተቀብሎ ለሚፈልጋቸው የሚያከፋፍል አስተላላፊ ፕሮግራም ይቀመጣል። በሌላኛው ጫፍ ልኬቱን የሚያስቀምጥ የመረጃ ቋትና በግራፍ የሚያሳይ ገጽ ይገኛል። ከሴንሰሩ በስተቀር ሌላው ሁሉ በአንድ ራስበሪ ፓይ ወይም ከአገልግሎት በወጣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊሠራ ይችላል። ሞስኪቶ፣ ኤስኪውላይትና ግራፋና የተባሉት ፕሮግራሞች ለዚህ ሥራ የሚበቁ ሲሆኑ ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

በሴንሰሩና በሰርቨሩ መካከል ያለው መግባቢያ አብዛኛውን ጊዜ ኤምኪውቲቲ ነው። ይህን ፕሮቶኮል አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር እ.ኤ.አ. በ1999 ያዘጋጁት የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧዎችን በጠባብና ውድ የሳተላይት መስመር ለመከታተል ነበር። ስለዚህ ከመነሻው ደካማ መስመርን ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ነው። ለእኛ ሁኔታ የሚስማማውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ተማሪዎች ክላውድን የሚመርጡት መረጃው ይበዛብናል ከሚል ስጋት ነው። ስሌቱ ግን ስጋቱን አይደግፍም። አንድ ሴንሰር በየደቂቃው አንድ ጊዜ ቢለካ በቀን 1,440፣ በዓመት 525,600 ልኬቶች ይሰጣል። አሥር ሴንሰሮች በዓመት 5.3 ሚሊዮን ገደማ ልኬቶች ይሰጣሉ። አንዱ ልኬት ከሰዓቱና ከመለያ ስሙ ጋር 50 ባይት ይወስዳል ብንል የዓመቱ ድምር 263 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ይህ በማንኛውም ፍላሽ ላይ የሚያርፍ መጠን ነው።

መረጃው የት ይቀመጥ?

ሴንሰሩ ልኬቱን በቀጥታ ወደ ውጭ አገር አገልግሎት የሚልክ ከሆነ አንድ ቁጥር እስኪመዘገብ ድረስ የግቢው ዋይፋይ፣ የዩኒቨርሲቲው መስመር፣ የአገሪቱ ኢንተርኔትና የአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ሁሉም በአንድ ጊዜ ደህና መሆን አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል፣ ሰሌዳው ልኬቱን በማኅደረ ትውስታው አቆይቶ ኋላ እንዲልክ ካልተዘጋጀ በስተቀር፣ ቁጥሩ ይጠፋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል። በአካባቢው ኔትወርክ ላይ ለሚመዘግብ ሥርዓት እንዲህ ያለው ጊዜ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ ያልፋል። መረጃውን በቀጥታ ወደ ውጭ ለሚልክ ጥናት ግን የሦስት ሳምንት ክፍተት ማለት በአንድ የዘር ወቅት ውስጥ የማይተካ ምዕራፍ ማጣት ማለት ነው።

ሁለተኛው ስጋት የአገልግሎት ሰጪው ውሳኔ ነው። ጉግል አይኦቲ ኮር የተባለውን የሴንሰር መረጃ መቀበያ አገልግሎቱን የአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ዘግቶታል። ኩባንያው የማያዋጣውን አገልግሎት መዝጋቱ ከንግድ አንፃር የሚያስገርም አይደለም። የሁለትና የሦስት ዓመት ጥናት የሚያካሂድ ተማሪ ግን የመረጃውን ዕድሜ ከሌላው ሰው የንግድ ስሌት ጋር ማሰር የለበትም። በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት የማቆያ ጊዜ ገደብ፣ የልኬት ብዛት ገደብና በማንኛውም ጊዜ የሚለወጥ ውል አለው።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል እዚህ ላይ በሚገባ ይሠራል። ይህ ማለት ግን የሩቁ ዘመድ አይረባም ማለት አይደለም። በቅርብ ያለ ሰርቨር ሊሰረቅ፣ ሊቃጠል፣ በጣሪያ በሚያፈስ ውኃ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ አንድ ቅጂ ወደ ሌላ ሕንፃ፣ ተቻለ ሲባልም ወደ ክላውድ መሄድ አለበት። ክርክሩ ቅደም ተከተልን የሚመለከት ነው። ልኬቱ መጀመሪያ በቅርብ ይመዝገብ፤ ቅጂው መስመር ሲገኝ ይላክ። መስመሩ ቢዘገይ የሚዘገየው ቅጂው ብቻ ይሆናል።

ባዶው ቦታም መረጃ ነው

በሴንሰር መረጃ ላይ ከሚታዩ ችግሮች ሁሉ ለሳይንሳዊ መደምደሚያ አደገኛ የሆነው የመረጃ ክፍተት ነው። አደጋው የሚመነጨው ክፍተቱ በዘፈቀደ የሚፈጠር ባለመሆኑ ነው። አንድ የክትባት ወይም የናሙና ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቆየቱን የሚከታተል ሥርዓትን እንውሰድ። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው መሞቅ ይጀምራል። ሴንሰሩ፣ የዋይፋይ ራውተሩና ሰርቨሩ ከዚያው ሶኬት የሚመገቡ ከሆነ እነርሱም አብረው ይጠፋሉ። መብራት ሲመለስ ማቀዝቀዣው ይቀዘቅዛል፤ ራውተሩና ሰርቨሩም ቀስ ብለው ይነሣሉ። ውጤቱ ዓመቱን በሙሉ ከ8 ዲግሪ በላይ ያልወጣ የሚመስል ጥሩ መዝገብ ነው። መሣሪያው የለካው ሁሉም ነገር ደህና የነበረበትን ጊዜ ብቻ ነው፤ ልንለካው የፈለግነው ግን ችግሩ የተፈጠረበትን ሰዓት ነበር።

ግራፍ የሚሥሉ ፕሮግራሞች ይህን ይብስ ይሸፍኑታል። ክፍተቱን ተሻግሮ ሁለቱን ጫፎች በመስመር የማገናኘት አማራጭ በብዙዎቹ አለ። መስመሩ ሲቀጥል ዐይን ይረካል፤ አንባቢውም በመሐል አራት ሰዓት ሙሉ ምንም እንዳልተለካ አያውቅም። ከዚያ በኋላ የሚሰላው አማካይም ሆነ የሚካሄደው ስታቲስቲካዊ ፍተሻ በዚህ ዝምታ ላይ የቆመ ይሆናል።

መፍትሔው ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ተከታታዩ ከተከታተለው ነገር በላይ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ ሴንሰሩ፣ ራውተሩና ሰርቨሩ ሦስቱም በባትሪ ይደገፉ። ሰርቨሩን ብቻ ደግፎ ራውተሩን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። ሁለተኛ፣ ክፍተቱ ራሱ ይመዝገብ። ኤምኪውቲቲ ለዚህ «የመጨረሻ ኑዛዜ» የሚባል ዘዴ አለው፤ ሴንሰሩ ሲገናኝ «በድንገት ብጠፋ ይህን ተናገሩልኝ» ብሎ መልእክት ያስቀምጣል፤ ሲጠፋም አስተላላፊው ያንን መልእክት ለሰርቨሩ ያሳውቃል። በዚህ መንገድ ዝምታው ሰዓትና ቀን ያለው መዝገብ ይሆናል። ሦስተኛ፣ በመመረቂያ ጽሑፉ የዘዴ ምዕራፍ ከታሰበው ልኬት ስንት በመቶው እንደተገኘና የጎደለው በየትኛው ሰዓት ላይ እንደሚበዛ በግልጽ ይጻፍ።

ሰዓትና ቀን

ከአምስተኛው ትውልድ በፊት ያሉት የራስበሪ ፓይ ሞዴሎች በባትሪ የሚሠራ የራሳቸው ሰዓት የላቸውም። ትክክለኛውን ጊዜ የሚያውቁት ከኢንተርኔት ነው። መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ኢንተርኔት ግን ካልተመለሰ መሣሪያው ከመጥፋቱ በፊት ካስቀመጠው ሰዓት ይቀጥላል። መብራት ለአምስት ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ከዚያ በኋላ ያለው መዝገብ በአምስት ሰዓት ወደ ኋላ የተሳሳተ ይሆናል፤ ቁጥሮቹ ግን ፍጹም ጤናማ ይመስላሉ። ዲኤስ 3231 የተባለው አነስተኛ የሰዓት ቺፕ በሚሊዮን ሁለት ክፍል ገደማ ብቻ ስለሚዛነፍ በዓመት ከአንድ ደቂቃ ብዙ አይርቅም። በአካባቢው ኔትወርክ ላይ ላሉት ሴንሰሮች ሁሉ ሰዓት የሚሰጠው ሰርቨሩ ስለሆነ ይህች ቺፕ ከሥርዓቱ ክፍሎች ሁሉ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው አንዷ ናት።

የእኛ የጊዜ አቆጣጠር የራሱን ጥንቃቄ ይጨምራል። በእጅ የሚሞላ መዝገብ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ሲል ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ዩቲሲ አቆጣጠር 6፡00 ብሎ ይጽፋል፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት ደግሞ 9፡00 ያሳያል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ሦስቱ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ምልክት ሲቀላቀሉ ግን ጥናቱ ይበላሻል። ሰርቨሩ በዩቲሲ ይመዝግብ፤ ወደ አካባቢ ሰዓት የሚለወጠው ለንባብ ሲቀርብ ብቻ ይሁን። የቀን ድንበርም ሊታሰብበት ይገባል። በዩቲሲ እኩለ ሌሊት የሚቆረጥ «ቀን» እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይቆረጣል። የዕለቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት የሚያሰላ ሰው የትኛውን ቀን እንደተጠቀመ መግለጽ አለበት። እንዲሁም የመስከረም ወር አማካይ ከሴፕቴምበር አማካይ ጋር አንድ አይደለም፤ ጳጉሜንም የት እንደገባች ሊነገር ይገባል።

የርካሽ ሴንሰር ጥያቄ

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ «ርካሽ ሴንሰር ለምርምር አይበቃም» የሚል ነው። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። በስፋት የሚሠራባቸው ዲኤስ 18ቢ20 እና ዲኤችቲ 22 የተባሉት ሴንሰሮች የሙቀት ልኬታቸው በተለመደው የአየር ሙቀት ክልል በ0.5 ዲግሪ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ሊሳሳት እንደሚችል አምራቾቻቸው ይገልጻሉ። በገበያ ላይ ደግሞ ተመሳስለው የተሠሩ ቺፖች ብዙ ናቸው። በሁለት ክፍሎች መካከል የ0.3 ዲግሪ ልዩነት አገኘሁ የሚል ጥናት ሴንሰሮቹን አስቀድሞ በአንድ ቦታ አስቀምጦ ካላነጻጸራቸው ያገኘው የክፍሎቹን ልዩነት ይሁን የሴንሰሮቹን ልዩነት ሊያውቅ አይችልም።

ነገር ግን የሴንሰር ዋጋ ብቻውን የጥራት መለኪያ አይደለም። ተፈትሾ ስሕተቱ የታወቀ ርካሽ ሴንሰር ካልተፈተሸ ውድ ሴንሰር የበለጠ ይታመናል። ፍተሻውም ከባድ አይደለም። በደንብ የተደቀቀ በረዶና ውኃ ድብልቅ የ0 ዲግሪ ማመሳከሪያ ይሆናል። ለእርጥበት ሴንሰር በጥቂት ውኃ የረጠበ የገበታ ጨው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በ25 ዲግሪ ሙቀት 75 በመቶ ገደማ አንጻራዊ እርጥበት ይሰጣል።

የፈላ ውኃን በተመለከተ ግን ከውጭ የተጻፈ መመሪያን እንዳለ መከተል ያሳስታል። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በ1,800 ሜትር አካባቢ ባለችው ባሕር ዳርም በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ 92 ያሳየውን ሴንሰር «በ8 ዲግሪ ተሳስቷል» ብሎ ያስተካከለ ተማሪ ደህናውን መሣሪያ ያበላሻል። በተመሳሳይ መልኩ የአየር ግፊት ሴንሰር በመዲናዋ 1,013 ሄክቶፓስካል ሳይሆን 770 አካባቢ ቢያሳይ የሚያሳየው ብልሽቱን ሳይሆን የምንኖርበትን ከፍታ ነው።

የስሕተት ቁጥሮችንም ማወቅ ያሻል። ዲኤስ 18ቢ20 ኃይል አግኝቶ ገና ሳይለካ ከተጠየቀ 85 ዲግሪ ብሎ ይመልሳል። ሽቦው ሲላቀቅ ደግሞ በብዙዎች ዘንድ የተለመደው የንባብ ፕሮግራም ከዜሮ በታች 127 ያሳያል። እነዚህ ከአማካዩ መውጣት አለባቸው፤ ከጥሬው መዝገብ ግን መሰረዝ የለባቸውም። ጥሬው መዝገብ ሳይነካ ይቆይ፤ የተጣራው ለብቻው ይዘጋጅ፤ የማጣሪያው ደንብም በጽሑፍ ይቀመጥ።

ኔትወርኩ ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይታመንም

በአካባቢው ኔትወርክ ላይ መሆን ከአደጋ ነፃ መሆን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጡ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ማርኮ ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አስተጓጉሏል። የተማረኩት ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው በየጥጉ የሚሠሩ ትናንሽ መሣሪያዎች ነበሩ።

ለተመራማሪው ደግሞ ከምሥጢር መውጣት የሚከፋው የመረጃው መበረዝ ነው። አስተላላፊው ያለ ይለፍ ቃል ክፍት ከሆነ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው በሴንሰሩ ስም የሐሰት ቁጥር ሊልክ ይችላል፤ የመረጃ ቋቱም ሳይለይ ይቀበላል። ሞስኪቶ ከ2.0 ዕትሙ ጀምሮ ባለቤቱ ካልፈቀደ በስተቀር ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣ ግንኙነትን አይቀበልም። ይሁንና ብዙ ጀማሪዎች ሥራው እንዲፈጥንላቸው ሁሉንም የሚፈቅደውን መስመር ጨምረው ያልፋሉ። ለእያንዳንዱ ሴንሰር የተለየ ስምና የይለፍ ቃል መስጠት፣ ሴንሰሮቹን ከተማሪዎች ዋይፋይ መለየት፣ ሰርቨሩንም በቀጥታ ለኢንተርኔት አለማጋለጥ ቢያንስ መደረግ ያለባቸው ናቸው።

ከተመራማሪው በኋላ

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው፤ «ተማሪው ሲመረቅ ሰርቨሩን ማን ይይዛል?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሰርቨር ያ ሰው በሄደ ማግስት ዕቃ ብቻ ይሆናል። የይለፍ ቃሉ አይታወቅም፤ የማስቀመጫ ካርዱ ያለማቋረጥ ሲጻፍበት ኖሮ ያረጃል፤ ከሁሉ በላይ ግን የቁጥሮቹ ትርጉም ይጠፋል። «ሴንሰር 4» በመጋቢት ከመስኮት አጠገብ ነበር፤ በሚያዝያ ወደ መደርደሪያ ተዛወረ። ይህ ካልተጻፈ ቀጣዩ ተመራማሪ የሙቀት መውረዱን የአየር ለውጥ አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል።

መልሱ ሥርዓቱን ለሩቅ ኩባንያ መስጠት ሳይሆን የትምህርት ክፍሉ እንዲረከበው ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ዲኤስ 18ቢ20 ከፋብሪካ የተሰጠው ልዩ ባለ 64 ቢት መለያ ቁጥር አለው፤ መዝገቡ በዚህ ቁጥር ይያዝ። ከሰርቨሩ ጋር አንድ ደብተር ይኑር፤ ሴንሰሩ መቼ፣ የት፣ በስንት ሜትር ከፍታ እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደተፈተሸና መቼ እንደተዛወረ ይጻፍበት። መረጃው ከካርድ ይልቅ በኤስኤስዲ ይቀመጥ። መጠባበቂያ ቅጂውም ቢያንስ በየሴሚስተሩ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይፈተሽ፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች በመነሣት ለድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞቻችን አራት ሐሳቦች ቀርበዋል። አንደኛ፣ የሴንሰር መረጃ የሚጠቀም ጥናት ዕቅዱ ሲጸድቅ መረጃው በመጀመሪያ የት እንደሚመዘገብና ቅጂው የት እንደሚሄድ እንዲገልጽ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ፈታኞች ከግራፉ በተጨማሪ ጥሬውን መዝገብ፣ የክፍተቱን መጠንና የካሊብሬሽን ሰነዱን እንዲያዩ ይደረግ። ሦስተኛ፣ የትምህርት ክፍሎች በባትሪ የተደገፈ አንድ የጋራ ሰርቨርና እርሱን የሚከታተል ቋሚ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ይመድቡ። አራተኛ፣ ተማሪው ሲመረቅ የሚሞላው የክሊራንስ ቅጽ መጻሕፍትን መመለሱን እንደሚጠይቅ ሁሉ መረጃውን፣ የይለፍ ቃሉንና የሴንሰር ደብተሩን ማስረከቡንም ይጠይቅ።

ከእነዚህ አንዱም ትልቅ በጀት የሚፈልግ አይደለም። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሙቀት፣ በአንድ ጎተራ ውስጥ ያለ እርጥበት ዛሬ ካልተመዘገበ ነገ ተመልሶ አይለካም። የአገራችንን አፈር፣ ሕንፃና እህል ለዓመታት ሳይቋረጥ የሚከታተል መዝገብ ሊኖረን የሚችለው እያንዳንዱ ተማሪ ከባዶ መጀመሩን ትቶ ከእርሱ በፊት የነበረው በተወለት ላይ ሲጨምር ነው። ለዚህም መነሻው መረጃው በተለካበት ግቢ፣ በሚያውቁትና ኃላፊነቱን በተረከቡ ሰዎች እጅ መቆየቱ ነው።